ልጃችሁ የሆዱን የሚያጫውተው አማካሪ የት ይገኛል?



ወደ ክሊኒካችን የምትመጡት አብዛኞቻችሁ ባለትዳሮች ናችሁ። መርፌ ለመወጋት፣ እንክብል ለመውሰድ፣ በክንድ የተቀበረውን ለማስወጣት፣ አንዳንዶቻችሁም «ልጅ ዘገየብን» ብላችሁ ትመጣላችሁ። የመጣችሁበት ጉዳይ ካለቀ በኋላ ግን በሩን ይዛችሁ ቆም የምትሉ አላችሁ። «ሲስተር፣ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ትሉና ድምፃችሁ ዝቅ ይላል። በዚህ መልክ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱን በዛሬው ጽሑፌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ወንድ ብለን ያሳደግነው ልጅ «እኔ ውስጤ ሴት ነው» አለን፤ ወይም ሴት ልጃችን «ሴት አትበሉኝ» ብላ ምግብ ዘጋች፤ ወዴት እንውሰዳት? ለማን እንናገር? ስንት ያስወጣናል?

ጥያቄው ዘወትር የሚመጣ አይደለም። ሲመጣ ግን ይዞት የመጣው ሰው ብዙ ሌሊት ሳይተኛ ያደረ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

በአገራችን ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስድብ ይጠራሉ። ወንዳወንድ፣ ሴታሴት፣ ወንዳገረድ፣ ፍናፍንት ይባላል፤ የትኛው ቃል ለየትኛው ሰው እንደሆነ ግን ተሳዳቢውም አይለየውም። አማካሪ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት የልጃችሁ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ ብታውቁ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ይቀርላችኋል።

አንደኛው የጠባይና የጨዋታ ጉዳይ ነው። ከወንዶች ጋር ኳስ ስትራገጥ የምትውል ልጅ አለች፤ ከእናቱ ጉልበት ሥር ቡና ሲቆላ የሚውል ወንድ ልጅም አለ። ይህ ለአማካሪ የሚያደርስ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብም ጠባይና ምርጫ ብቻውን ለምንም ዓይነት ስያሜ መነሻ ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ልጅ ተዉት፤ ይጫወት።

ሁለተኛው የሰውነት ጉዳይ ነው። ሲወለድ ብልቱ ወንድ ነው ሴት ነው ለማለት የሚያስቸግር ሕፃን ከ4,500 ያህል ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል ተብሎ ይገመታል። እኛ አዋላጆች እንዲህ ያለ ሕፃን ስናገኝ ቸኩለን «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ብለን እልል ማስባል የለብንም፤ እናንተም አትቸኩሉ። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ በትክክል ስለማትሠራ የሰውነታቸው ጨው ያልቃል፤ በተወለዱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ማስመለስና መድከም ይጀምራቸውና ይሞታሉ። ሰዉ «ዓይን በላው» ይላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። በዚሁ ወገን የሚመደቡ ጎልማሶችም አሉ። ለአካለ መጠን ደርሳ፣ ተድራም ወር አበባ አይታ የማታውቅ ሴት ብትኖር መካን ብሎ ከመፍታት በፊት የማኅፀን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ሦስተኛው ዛሬ የምንነጋገርበት ነው። ሰውነቱ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ነገር ግን ልጁ ስለ ራሱ የሚያውቀውና ሰው የሚጠራው አይገጥምለትም። ይህም የአንድ ሰሞን አይደለም፤ ይቆያል፤ ልጁንም ያስጨንቀዋል። በውጭው ዓለም እንዲህ ያለውን ሰው ትራንስጀንደር ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው አዲሱ መዝገቡ ይህንን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር መድቦታል። በልጅነት ዕድሜ ከሆነም ሁለት ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ካልቆየ በቀር ስም እንዳይሰጠው መዝገቡ ያዛል። እንግዲህ ልጃችሁ አላበደም ማለት ነው። ነገር ግን ከመደበቅ፣ ከመሰደብና ከመፍራት የሚመጣው ጭንቀትና ድባቴ እውነተኛ ሕመም ነው፤ አማካሪ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለማን ነው የሚነገረው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ለማን እንደሚነገር መምረጥ ያስፈልጋል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ለጎረቤት የተነገረ ነገር ከቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ቀበሌ ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየወጣ ለድብደባና ለስደት የተዳረጉ እንደነበሩ ታስታውሱ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ልጃችሁ በስልክ መልእክት አትጻፉ፤ ፎቶውን ለማንም አትላኩ።

የምትነግሩት ሰው ባለሙያ ይሁን። ባለሙያ ስል በር ላይ «አማካሪ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። የአእምሮ ሐኪም አለ፤ ይህ በሕክምና ተመርቆ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። የሳይካትሪ ነርስ ወይም በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያም አለ፤ እርሱ መድኃኒት አያዝም፣ በንግግር ይረዳል።

ቀድሞ ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ አንድ ለእናቱ የሆነ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር «አማኑኤል ገባ» ማለት «አበደ» ማለት ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሳይካትሪ ነርሶች እዚያው መሠልጠን ጀመሩ፤ በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ወጥተዋል። በመሆኑም ከእኛ አካባቢ ሆናችሁ በፍኖተ ሰላም አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ። ሰው እንዳያያችሁ ከፈለጋችሁ ፍኖተ ሰላም በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር መካከል ናትና ሁለት አቅጣጫ አላችሁ። በደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ በባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ግን ሩቁን ስትጠብቁ ልጁ እንዳይጎዳ ከቅርቡ ጀምሩ።

ጤና ጣቢያውንም አትናቁት። በጉራጌ አካባቢ በተደረገ ጥናት ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የተከታተሉ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ያገኙት ውጤት በሳይካትሪ ነርስ ከሚመራው ሕክምና ያነሰ አልነበረም። ድባቴና ጭንቀትን ለይቶ ማከም የሚያስችለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የተዘጋጀው እንደነሱ ላሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነው።

ምሥጢሩስ ይጠበቃል?

ይህ የመጀመሪያው ፍርሃታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሕጉን በግልጽ ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን ያስቀጣል። «ውስጤ ሌላ ነው» ብሎ መሰማት ወይም ለሐኪም ይህንኑ መናገር ግን በዚያ አንቀጽ የተጻፈ ወንጀል አይደለም። በሌላ በኩል ይኸው ሕግ በአንቀጽ 399 በሥራው ምክንያት ያወቀውን ምሥጢር የሚያወጣ ባለሙያ እንዲቀጣ ይደነግጋል። እኛ የጤና ባለሙያዎችም በዚህ ውስጥ ነን።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ እናንተም ልትጠነቀቁ ትችላላችሁ። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ተሰልፎ የሚሰማችሁ ሰው ብዙ ነው። እዚያ «ልጁ አይተኛም፣ ይጨነቃል» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ውሸትም አይደለም። ዋናውን በር ከተዘጋ በኋላ ተናገሩ። ከዚያም በፊት ቢሆን ባለሙያውን «የምንነግርዎት ካርዱ ላይ ይጻፋል? ካርዱንስ ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ ዕለቱን ስለ እንቅልፍ ብቻ አውርታችሁ ተመለሱ።

ወጪው እንዴት ይቻላል?

ሰው የሚፈራው የሐኪሙን ክፍያ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ግን ሌላው ነው። በመንግሥት ሆስፒታል የካርድና የምርመራ ክፍያው ከግል ክሊኒክ ጋር አይወዳደርም። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡና ከሥራ የተቀረበት ቀን ሲደመር ነው የሚከብደው። ምክር ደግሞ እንደ መርፌ አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም፤ መመላለስ ይጠይቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ስንት ጊዜ እንመላለሳለን? በየስንት ጊዜው?» ብላችሁ ጠይቁና የሦስት ወሩን ወጪ አስሉ። በርበሬ የተሸጠ ሰሞን ባለው ገንዘብ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የግል ሐኪም አንድ ጊዜ ሄዶ ከመቅረት፣ በአቅራቢያ ያለውን በየአሥራ አምስት ቀኑ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆናችሁ መጀመሪያ በተመዘገባችሁበት ጤና ጣቢያ ታዩ፤ ሪፈር አጽፉ። ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ሪፈሩ ላይ የሚጻፈውም የተደረሰበት ሕመም፣ ለምሳሌ ድባቴ ወይም ጭንቀት፣ ቢሆን በቂ ነው። አባል ያልሆናችሁ የምዝገባውን ወር ከቀበሌያችሁ ጠይቁ፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለምና።

አንድ ገንዘብ የማይወጣበት ነገር አለ። ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ እናት ብቻዋን ትመጣለች፤ አባት «የአንቺ ዘር ነው» ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። ዘርም አስተዳደግም ለዚህ ተጠያቂ መሆናቸውን ያረጋገጠ ሰው የለም፤ የቤተሰብ ጠብ ግን ልጁን እንደሚጎዳው ጥርጥር የለውም።

ጥሩ አማካሪ በምን ይታወቃል?

«እንዲህ ያለ ሰው አክመው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። በእኛ አካባቢ «አላውቅም» የሚላችሁ ይበዛል። «አላውቅም፣ ግን አንብቤ እጠብቃችኋለሁ» የሚል ከሆነ ያዙት። የምትፈሩት «ይህማ ቀላል ነው፣ በአንድ ወር እመልሰዋለሁ» የሚለውን ነው።

ለምን? ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በላይ ይህንን ሞክረው ያልተሳካላቸው ከእኛ የበለጠ መሣሪያና ገንዘብ የነበራቸው ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ካናዳ ውስጥ የተወለደው ዴቪድ ራይመር ሕፃን ሳለ ሲገረዝ በደረሰበት አደጋ ብልቱን አጣ። ጆን መኒ የተባለ በአሜሪካ የታወቀ የሥነ ልቦና ሰው ወላጆቹን «ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት፣ ሴት ይሆናል» ብሎ መከራቸው። ቀሚስ ለበሰ፣ የሴት ስም ወጣለት፣ ሆርሞንም ተሰጠው። ልጁ ግን አልሆነለትም፤ በአሥራዎቹ ዕድሜው እውነቱ ሲነገረው ወደ ወንድነቱ ተመለሰ። በ2004 በ38 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ይህ ሰው ትራንስጀንደር አልነበረም፤ የእርሱን ታሪክ የምነግራችሁ የሰው ውስጡ በአስተዳደግና በማስገደድ እንደማይዞር ስለሚያሳይ ነው። ወደዚያም ሆነ ወደዚህ። ዛሬ የዓለም ታላላቅ የሐኪሞችና የሥነ ልቦና ማኅበራት ሰውን ለማዞር የሚደረገውን ምክር ጎጂ ነው ብለው የሚቃወሙት በእንዲህ ያሉ ልምዶች ነው።

ታዲያ ጥሩ አማካሪ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ይሰማል። ልጁን ብቻውን ያነጋግራል፤ እናንተን ደግሞ ለብቻ። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን፣ ሞትን ይመኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ድባቴ ካለ ያክማል። አያቻኩልም፤ «አንተ እንዲህ ነህ» ብሎ ስም አይለጥፍም፤ «አይደለህም» ብሎም አይከራከርም። ቤት ውስጥ ምን መባል እንዳለበት፣ ለታናናሾቹ ምን እንደሚነገር፣ ትምህርት ቤት ቢሰደብ ወዴት እንደሚሄድ ከእናንተ ጋር ይመክራል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ልጁ ቤት ጥሎ አውቶቡስ ተራ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ቋንቋ «አንተ» እና «አንቺ» ሳይል አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ልጅ ከጠዋቱ ሰላምታ ጀምሮ ይወጋል። ብልህ ባለሙያ ይህንን አውቆ «እርስዎ» ይላል፤ በጎጃምኛችን «አንቱ»። አክብሮቱ ወንድና ሴት አይለይም። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «አንቱ» ሲባል መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ ያያችኋል። ቤት ውስጥ ለልጅ «አንቱ» ማለት ካስቸገራችሁ በስሙ ጥሩት፤ ስሙ ከከበደው ደግሞ እናት ለልጇ የምታወጣው የቁልምጫ ስም አይጠፋም።

ፀበልና ንስሐ አባትስ?

ብዙዎቻችሁ ከእኛ በፊት የምታማክሩት የንስሐ አባታችሁን ነው። ክፋት የለውም፤ ምሥጢር መጠበቅ የእርሳቸውም ሥራ ነው። ሰከላ ግሽ ዓባይ፣ ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ፀበል የሚሄደውን ሰው ብዛትም ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ራሱ ወድዶ የሚሄድ ከሆነ ይሂድ። ነገር ግን ታስሮ አይሂድ፤ አይገረፍ፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ፀበል ጀመርሁ ብሎ አያቋርጥ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከፀበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ብዙ ሰው አትርፏል፤ እዚህም ላይ ያው ነው።

መተት ነው፣ ዛር ነው ብሎ ጥቁር በግና ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቃችሁን ግን በሩን ዝጉበት። ስለ ሌሎቹ በልዝብ ጽፌአለሁ፤ ስለዚህኛው ልዝብ ቃል የለኝም። ገንዘባችሁንም ምሥጢራችሁንም ወስዶ መንደር ለመንደር የሚያዞረው እርሱ ነው።

ለነገ የማይባለው መቼ ነው?

ልጁ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ከሁሉም ጋር ተኳርፎ ሲያበቃ በድንገት የተረጋጋ ከመሰለ ቀጠሮ አትጠብቁ። «ይህን ያለው ለማስፈራራት ነው» አትበሉ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ብትጠይቁት ሐሳቡን አታስገቡበትም፤ ብዙዎቹ ጠያቂ በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። በዚያ ሰሞን ብቻውን አይደር።

በየቤታችን በቆሎ የምናስቀምጥ ስለሆነ የነቀዝ መድኃኒት የሌለበት ጓዳ ጥቂት ነው። ከቤት አውጡት፤ ካልሆነም ቆልፉበትና ቁልፉን ዘመድ ቤት አኑሩት። የተባይ መርጫውንም እንዲሁ። የወሰደ ከመሰላችሁ ወተት አጠጥታችሁ ወይም አስመልሳችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ድረሱ። የድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው፤ ሪፈርም አይጠየቅበትም። ለምን እንደወሰደ በዚያች ሰዓት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ምን እንደወሰደና በስንት ሰዓት እንደወሰደ ብቻ ተናገሩ።